«ከእውነቱ የተቀዳ»፦ ሳዳሂዴና የዮኮሃማ ፈረንጆች፣ 1861

አምስት ወረቀቶች ናቸው። ጎን ለጎን ሲገጠሙ ከአንድ ሜትር በላይ የሚረዝም አንድ ስዕል ይሆናሉ። ፊት ለፊት የቆመው ግዙፍ የሸራ መርከብ የአሜሪካን ባንዲራ ያውለበልባል። መርከበኞች ምሰሶው ላይ ወጥተው ገመድ ለገመድ ይንጠላጠላሉ። ሸክም የያዙ ሰዎች በመሸጋገሪያው ሳንቃ ሽቅብ ይላሉ። ከኋላ የሌሎች አገሮች መርከቦች አሉ፣ እያንዳንዱ ከነባንዲራው። የሳለው ሰው ባዶ ቦታ አይወድም። ዓይንህን የትም ብታሳርፈው አንድ ሰው አንድ ነገር ሲሠራ ታገኛለህ።

ሰዓሊው ኡታጋዋ ሳዳሂዴ ይባላል። ስዕሉ በ1861 ኤዶ ውስጥ ታተመ። ኤዶ የዛሬዋ ቶኪዮ ናት። ርዕሱ በግርድፉ «ምዕራባውያን ነጋዴዎች በዮኮሃማ ሸቀጥ ሲያጓጉዙ» እንደማለት ነው። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። 1861 እኛ ጋ አፄ ቴዎድሮስ ዙፋን ላይ የነበሩበት ጊዜ ነው።)

በእነዚያ ዓመታት ጃፓን ውስጥ ፈረንጆችን የሚያሳዩ በእንጨት የታተሙ ስዕሎች እንደ ጉድ ተቸበቸቡ። ዛሬ «የዮኮሃማ ስዕሎች» ተብለው ይታወቃሉ፤ በመቶዎች የሚቆጠሩ ናቸው። ብዙዎቹን የሳሉት ሰዎች ኤዶ ቁጭ ብለው፣ በወሬና በተገኘ ምስል ነው። ሳዳሂዴ ግን ሄዶ አይቷል። እኔም ከሁሉ እሱን የመረጥኩት ለዚህ ነው። ሄዶ ያየ ሰው ምን አመጣ? እያየስ ምኑን ተወው?

ወደቡ

ጃፓን ከ200 ዓመት በላይ በሯን ገርበብ አድርጋ ነው የኖረችው። ከአውሮፓውያን መነገድ የሚፈቀድላቸው ሆላንዶች ብቻ ነበሩ። እነሱም ናጋሳኪ ወደብ ላይ ደጂማ በምትባል ሰው ሠራሽ ደሴት ታጥረው ነበር የሚኖሩት። በ1853 አሜሪካዊው ኮሞዶር ፔሪ አራት የጦር መርከቦች ይዞ መጣ። በዓመቱ ተመልሶ መጥቶ ውል አስፈረመ። በ1858 ደግሞ የሾጉኑ፣ ማለትም አገሪቱን ይገዛ የነበረው የጦር አለቃ፣ መንግሥት ከአምስት አገሮች ጋር የንግድ ውል ተዋዋለ፦ ከአሜሪካ፣ ከሆላንድ፣ ከሩሲያ፣ ከእንግሊዝና ከፈረንሳይ።

ውሉ የሚከፈተው ወደብ ካናጋዋ ነው ይላል። ካናጋዋ ግን ከኤዶ የሚወጣው ትልቁ መንገድ፣ ቶካይዶ የሚያልፍባት ከተማ ነበረች። ሰይፍ የታጠቁ ሳሙራዮች ጠዋት ማታ ይመላለሱባታል። መንግሥት ነገሩ አላማረውም። ስለዚህ ከባሕረ ሰላጤው ማዶ ያለችውን፣ መቶ ያህል ቤት የነበራትን የዓሣ አጥማጆች መንደር አዘጋጀና «ይኸውላችሁ፣ ይህም ካናጋዋ ነው» አለ። መንደሯ ዮኮሃማ ነበረች። ዲፕሎማቶቹ «ተሸወድን» ብለው ተቆጡ። ነጋዴዎቹ ግን ለመርከብ የሚመች ጥልቅ ውሃ ስላገኙ ዕቃቸውን አወረዱ። ወደቡ ጁላይ 1 ቀን 1859 ተከፈተ። ቀጥሎ በዙሪያው ቦይ ተቆፈረ፣ ድልድዮቹ ላይ ኬላ ቆመ። ያ ሰፈር ዛሬም ካናይ ይባላል፤ «ከኬላው ወዲህ» እንደማለት። የባቡር ጣቢያም አለው።

ፈረንጆቹ ከዮኮሃማ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ድረስ መንሸራሸር ይችላሉ። ወደ ኤዶ አቅጣጫ ግን ሮኩጎ ወንዝ ላይ ሲደርሱ ቁም ይባላሉ። ኤዶ የሚኖሩት ዲፕሎማቶች ብቻ ነበሩ። እንግዲህ አስቡት። ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ያላት ከተማ አለች። የአንድ ቀን የእግር መንገድ ማዶ ወሬያቸው ብቻ የሚሰማ እንግዳ ፍጡሮች ሰፍረዋል። ሰዎቹ አይመጡም፤ የከተማው ሕዝብም ሁሉ ሥራውን ጥሎ አይሄድም። ለአሳታሚ ከዚህ የተሻለ ገበያ የት ይገኛል? የአንድ ወረቀት ዋጋ ከአንድ ሳህን ኑድል ብዙም አይበልጥም ነበር።

ሳያዩ መሳል

ገበያው ሲሞቅ ሁሉም ገባበት። ኡታጋዋ ከተባለው የሥዕል ቤት የወጡ ሰዓሊዎች፣ ዮሺካዙ፣ ዮሺቶራ፣ ዮሺኢኩ፣ ዳግማዊ ሂሮሺጌ፣ ሁሉም ፈረንጅ ሳሉ። ከዚያ በፊት እንጀራቸው የካቡኪ (የጃፓን ባህላዊ ቲያትር) ተዋናይ፣ ጦረኛና ቆንጆ ሴት ነበር። ምንጫቸው ከአውሮፓና ከአሜሪካ የሚመጡ ባለሥዕል ጋዜጦች ነበሩ፤ ከእነዚህም አንዱ ኢለስትሬትድ ለንደን ኒውስ ነው። አንዷን ወይዘሮ ከጋዜጣ ይቀዷታል፣ ባሏን ከሌላ ገጽ ያመጡላታል፣ ከኋላቸው ደግሞ ፈጽሞ የማይገናኝ ሕንፃ ያቆማሉ።

የምወደው ምሳሌ የዮሺካዙ የአሜሪካ ባቡር ነው፤ እሱም የ1861 ሥራ ነው። ጃፓን ውስጥ ሕዝብ የሚያመላልስ ባቡር የተጀመረው በ1872 ነው። ዮሺካዙ የሚያውቀው እንፋሎት የመርከብ እንፋሎት ነው። ስለዚህ ባቡሩ ጎማ የተገጠመለት መርከብ መስሎ ቁጭ አለ። ሳቅ ይላል፤ ግን አስተሳሰቡ የሚያስነቅፍ አይደለም። ጭስ የሚያወጣ፣ ሰው የሚጭን፣ ራሱ የሚሄድ ነገር ከተባለ ያው መርከብ ነው።

በ1860 ደግሞ አንድ ነብር በመርከብ ገብቶ ኤዶ ውስጥ ለሕዝብ ታየ። ህትመቶቹ «ታይገር» ብለው ሸጡት። ነብር የታይገር ሴቷ ናት የሚል የቆየ እምነት ነበራቸውና ማንም ቅር አላለውም።

የአገር ስምም እንዲሁ ነው። አንድ ዓይነት ጺም፣ አንድ ዓይነት ኮት፣ አንድ ዓይነት ኮፍያ እዚህ «እንግሊዛዊ» ይባላል፣ እዚያ «ሩሲያዊ»። በጥቅሉ ግን ኢጂን ናቸው፤ ቃል በቃል «ሌላ ሰው»። እኛም ከግሪክ እስከ ካናዳ ያለውን ሁሉ «ፈረንጅ» ብለን እንጨርስ የለ? ለዚህ ልንፈርድባቸው አንችልም።

እዚህ ላይ ነው አንዲት ቃል የምትመጣው፤ ሻሺን። ፊደሎቿ «እውነትን መቅዳት» የሚል ትርጉም አላቸው። ሳዳሂዴ ራሱ በ1861 አንድ የፈረንጅ የንግድ ቤት ሲስል ርዕሱ ላይ ይህችን ቃል አስገብቷል። የዮኮሃማ ንግድ ቤት፣ ከእውነቱ የተቀዳ፣ እንደማለት። ዛሬ ማስታወቂያ ላይ «ኦሪጅናል» ተብሎ እንደሚለጠፈው መሆኑ ነው። ሁሉም «እውነተኛ ነው» በሚልበት ገበያ ቃሉ ብቻውን ምንም አይናገርም። ሳዳሂዴ ጋ ግን ቢያንስ ከቃሉ ጀርባ የተሄደ መንገድ አለ።

ካርታ የለመደ ዓይን

ሳዳሂዴ የተወለደው በ1807 ነው። ዮኮሃማ ስትከፈት ከሃምሳ ዓመት ያለፈ፣ የታወቀ ባለሙያ ነበር። መምህሩ ኩኒሳዳ በዘመኑ ተዋናዮችንና ሴቶችን በመሳል ስመ ጥር የነበረ ሰዓሊ ነው። ተማሪው ግን ሌላ ነገር ወደደ፤ ካርታና ከሰማይ ወደ ታች የሚታይ የአገር ገጽታ። ድሮን በሌለበት ዘመን ከተማን እንደ ንስር የሚያይ ሰው ነበር። ዮኮሃማንም ከወደቡ መከፈት ብዙም ሳይቆይ እንዲሁ ስሏታል፤ መንገዱን፣ ቦዩን፣ የጃፓኖቹን ሰፈር፣ የፈረንጆቹን ሰፈር።

ይህ ልምድ አምስቱ ወረቀቶች ላይ በደንብ ይታያል። ሌሎቹ ፈረንጁን እንደ ተዋናይ አቁመው፣ ፊቱንና ልብሱን አሳምረው ይስሉታል። ሳዳሂዴን የሚያስጨንቀው ሥራው እንዴት እንደሚሠራ ነው። ገመዱ የት ይታሰራል? ሸክሙ በየት ይገባል? ማን የት ይቆማል? ሰዎቹ ትንንሽ ናቸው፤ መርከቡ ነው ዋናው ባለታሪክ።

ወደ እንጨቱ ልጠጋ፣ ምክንያቱም ያለ እሱ ስዕሉ አይገባም። ሰዓሊው በስስ ወረቀት ላይ በቀለም ይስላል። ወረቀቱ ተገልብጦ ቼሪ እንጨት ላይ ይለጠፋል። ቀራጩ በወረቀቱ ላይ እያለፈ መስመሮቹን ብቻ አስቀርቶ ሌላውን ይፈለፍላል። ያኔ የሰዓሊው ኦሪጅናል ስዕል አለቀለት፤ ከፍርፋሪው ጋር ተጠርጎ ይወጣል። ለእያንዳንዱ ቀለም ደግሞ የራሱ ገጽ ይቀረጻል። አታሚው ማሽን የለውም። እንጨቱን ቀለም ይቀባል፣ ወረቀቱን ጥግ ላይ ከተቀረጹት ሁለት ምልክቶች ጋር ያገጥማል፣ ጀርባውን በቀርከሃ ልጥ በተሸፈነ ክብ መፈግፈጊያ ያሻል። አምስት ወረቀት ማለት ይህን ሁሉ አምስት ጊዜ ነው። የአንዱ ወረቀት ገመድ ከቀጣዩ ወረቀት ገመድ ጋር መገናኘት አለበት።

ከቀራጮቹ ውስጥ ፊትና ፀጉር የሚቀርጸው ዋናው ጌታ ነው። ልብሱንና ጀርባውን ለተማሪዎቹ ይተዋል። ድሮ ችሎታው የሚለካው በአንዲት ቆንጆ ግንባር ላይ የፀጉሯን መነሻ፣ ክር የሚያህሉትን መስመሮች አንድ በአንድ በመቅረጽ ነበር። አሁን ግን ፈረንጅ መጣ፤ ከነሪዙ፣ ከነጉንጭ ጺሙ። እነዚህን ህትመቶች በስልክም ቢሆን አጉልታችሁ ጺሞቹን እዩ። ያ ለሴት ፀጉር የሰለጠነ እጅ በመርከብ ካፒቴን አገጭ ላይ ሲራቀቅ ታገኙታላችሁ። ኒው ዮርክ የሚገኘው የሜትሮፖሊታን ሙዚየምና ዋሽንግተን የሚገኘው ስሚዝሶኒያን እንዲህ ያሉ ህትመቶች አሏቸው፤ በድረ ገጻቸውም ይታያሉ።

ህትመቱ ላይ አንዲት ትንሽ ማህተምም አለች። «ተመርምሯል» ትላለች፣ ዓመቱንና ወሩንም ትናገራለች። ሳንሱር ነው። ዓመቱ የሚጻፈው በእንስሳ ስም ነው፤ 1861 በእነሱ የዶሮ ዓመት ነበር። ዛሬ ተመራማሪዎች እያንዳንዱን ህትመት እስከ ወሩ ድረስ መለየት የቻሉት ለመቆጣጠር በተመታች ማህተም ነው።

ያየው፣ የደረደረውና የተወው

ሳዳሂዴ ያየውን እንጀምር። የወደቡ ሥራ ጉልበት ነው፤ ጥቅል፣ ገመድ፣ ሳንቃ፣ ጀርባ። ይህ ከጋዜጣ አይቀዳም። ፈረንጁ በሌሎቹ ህትመቶች ወይን ይጠጣል፣ ፈረስ ይጋልባል፣ ጋንኪሮ በተባለው ዝነኛ ሻይ ቤት ይዝናናል። እዚህ ግን ሥራ ላይ ነው። ዮኮሃማ የመጡበት ጉዳይ ደግሞ እሱ ነበር።

ከዚያ የደረደረው። በ1861 ዮኮሃማ ለትልልቅ መርከቦች የሚሆን መጠጊያ አልነበራትም። እንዲህ ያለው የመርከብ መጠጊያ የተሠራው በ1894 ነው። መርከቦቹ ባሕሩ ላይ ራቅ ብለው ይቆማሉ፤ ጭነቱን ትንንሽ ጀልባዎች ያመላልሳሉ። ስዕሉ ላይ ግን የውሉ አገሮች መርከቦች እንደ ሠርግ ፎቶ በአንድ ፍሬም ውስጥ ተገናኝተዋል። እንዲህ ያለ ቀን ኖሮ ሊሆን ይችላል፣ እኔ ግን አልገዛውም። ይህ የውሉ ስዕል ነው፤ በ1858 በወረቀት የተፈረመው እንደገና ባሕር ላይ ተሳለ። ገዢው «አምስቱ አገሮች» የሚለውን ወሬ ሰምቷል፤ ባንዲራዎቹን ቆጥሮ እንዲረካ ነው።

ሌላም አለ። ያኔ ዮኮሃማ የሚኖሩት ምዕራባውያን ከጥቂት መቶዎች አይበልጡም፤ ሴቶቹ ደግሞ በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። የዮኮሃማ ስዕሎች ግን ከሥሩ በቀለበት የተነፋ ሰፊ ቀሚስ በለበሱ ወይዘሮዎች የተሞሉ ናቸው። ወረቀቱ ላይ ያለው የፈረንጅ ሴት ብዛት ከተማዋ ውስጥ ካለው ይበልጣል ማለት ነው። ገዢው ሴትና ልጅ፣ ውሻና ወንበር ማየት ይፈልጋል፤ ቤት ውስጥ ጫማ አድርገው ሲሄዱ ማየት ይፈልጋል። የፈለገው ተሳለለት።

የተወው ግን ከሁሉ ይከብዳል። ከ1861 በፊትም በዚያው ዓመትም ደም ፈሷል። ወደቡ በተከፈተ በሁለተኛው ወር ዮኮሃማ መንገድ ላይ የሩሲያ መርከበኞች ተገድለዋል። በጃንዋሪ 1861 የአሜሪካ ሌጋሲዮን (የዲፕሎማቶች መሥሪያ ቤት) አስተርጓሚ ሄንሪ ሂውስከን ኤዶ ውስጥ ማታ ወደ ቤቱ ሲመለስ በሰይፍ ተቆረጠ። በጁላይ ደግሞ ቶዘንጂ ቤተ መቅደስ ውስጥ የነበረው የእንግሊዝ ሌጋሲዮን ሌሊት ተወረረ። «ንጉሡን አክብር፣ አረመኔውን አባር» የሚለው መፈክር የሳሙራዮቹን ደም ያፈላበት ጊዜ ነው። ስዕሎቹ ላይ የዚህ አንዲት ጠብታ የለችም። ወቅታዊ የፖለቲካ ጉዳይ መሳል ክልክል ነበር፤ ያቺ ትንሽ ማህተምም ቀልድ አታውቅም።

ጥቅሎቹስ ውስጥ ምን አለ? የጃፓን ዋና የወጪ ንግድ ጥሬ ሐርና ሻይ ነበር። ፈረንጆቹ ሐሩን በገፍ ሲገዙ የአገር ውስጥ ዋጋ ናረ፤ ሸማኔው የሚሸምነው አጣ። በ1860 መንግሥት ጥሬ ሐርን ጨምሮ አምስት ዓይነት ሸቀጦች በኤዶ ነጋዴዎች በኩል ካላለፉ ወደ ወደቡ አይሄዱም ብሎ አዘዘ። ብዙም አልሠራለትም። እዚያ ሳንቃ ላይ ሽቅብ የሚወጣው ሸክም ለአንዱ ሀብት፣ ለሌላው የተዘጋ የሽመና ቤት ነው። ሳዳሂዴ ሸክሙን አሳምሮ ሳለው። ከየት እንደመጣ አልጠየቀም፤ ወይም መጠየቁ አላዋጣውም።

ቶዘንጂ በተወረረ ሌሊት እዚያ ያደረ አንድ ሰዓሊ ነበር። ቻርልስ ዊርግማን ይባላል፤ የኢለስትሬትድ ለንደን ኒውስ ዘጋቢ ነው። ከወለሉ ሥር ተደብቆ ተረፈ፣ ከዚያም ያየውን ሳለው። በዚያው ዓመት፣ በአንድ የባሕር ዳርቻ፣ ሁለት ሰዎች በተቃራኒ አቅጣጫ ይሠሩ ነበር። ዊርግማን ጃፓናውያንን ለለንደን ይስላል፤ ሳዳሂዴ የለንደን ሰዎችን ለኤዶ። አንዱ ሰይፍ ላከ፣ ሌላው ባንዲራ። ያው ጋዜጣ በ1868 ዊልያም ሲምፕሰን የተባለ ሰዓሊውን ወደ መቅደላ ዘመቻ ልኳል፤ እኛም በዚያ ዓይን ታይተናል።

መጽሐፉ፣ ከዚያም ካሜራው

ሳዳሂዴ በህትመቶቹ ብቻ አልበቃውም። በ1862 ስለተከፈተው የዮኮሃማ ወደብ ያየውንና የሰማውን በሥዕል የታጀበ መጽሐፍ አድርጎ አወጣ። በ1865 ቀጣዩን ክፍል ጨመረ። «ያየሁትና የሰማሁት» የሚለው አነጋገር ርዕሱ ውስጥ ራሱ አለ። ይህን ከ«እውነተኛ ቅጂ» የበለጠ እወደዋለሁ፤ የሰማውን ካየው እኩል አላደረገም፣ ግን መስማቱንም አልደበቀም።

ገበያው ግን ከዚያ በፊት ቀዝቅዟል። ሴፕቴምበር 1862 ላይ ከዮኮሃማ ብዙም በማትርቀው ናማሙጊ መንደር፣ ያ የተፈራው ቶካይዶ መንገድ ላይ፣ ሪቻርድሰን የተባለ እንግሊዛዊ ነጋዴ ሳትሱማ በተባለ ግዛት ሳሙራዮች ተገደለ። በዓመቱ የእንግሊዝ መርከቦች የሳትሱማን ከተማ ካጎሺማን በመድፍ ደበደቡ። ፈረንጅ አሁን የሚያስቅ ጉድ መሆኑ ቀረ። ደግሞም ሁለት ዓመት ሙሉ ጺምና ሰፊ ቀሚስ ሲታይ ይሰለቻል። ያው ፋሽን ነው። ጋንኪሮ የነበረበት ሰፈር በ1866 በእሳት ወደመ፤ እሳቱ ከአሳማ ሥጋ ቤት ስለተነሳ «የአሳማ ቤት ቃጠሎ» ይሉታል።

በ1862 ሺሞኦካ ሬንጆ ዮኮሃማ ላይ ፎቶ ቤት ከፈተ። በቀጣዩ ዓመት ፌሊቼ ቤያቶ ካሜራውን ይዞ ደረሰ። ጃፓናውያን ለዚህ አዲስ ነገር ስም ሲያስፈልጋቸው ሩቅ አልሄዱም፤ ሻሺን አሉት። ዛሬ ቶኪዮ ውስጥ «ፎቶ አንሺኝ» የምትል ልጅ የምትጠራው ሳዳሂዴ የንግድ ቤቱ ስዕል ርዕስ ላይ የጻፋትን ቃል ነው።

ሳዳሂዴ ራሱ ወደ አውሮፓ ባይሄድም ሥራው ሄዷል። ለ1867 የፓሪስ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን የሾጉኑ መንግሥት ከኤዶ ሰዓሊዎች መቶ ስዕል አዘዘ፤ እሱም ከሰዓሊዎቹ አንዱ ነበር። ትዕዛዙ ሃምሳ ሴቶችና ሃምሳ የአገር ገጽታ ነው። ፈረንጅ አልታዘዘም።